ትዝታን ለሚያውቅ ጆሮ፦ የሾዋ ዘመን የጃፓን ዘፈኖችን ደረጃ በደረጃ የማድመጥ መመሪያ

ጃፓኖች «ናትሱካሺ» የሚሉት ቃል አላቸው። የተማሩበትን ትምህርት ቤት ከሩቅ ሲያዩ፣ የእናታቸውን ጓዳ የሚያስታውስ ሽታ ሲያውዳቸው፣ ወይም በጉርምስናቸው የሰሙት ዘፈን ከአንድ ሱቅ ሬዲዮ ሲወጣ ሳያስቡት ከአፋቸው ያመልጣል። የዚህን ቃል መነሻ «ሜሎዲ» ከሚለው የውጭ ቃል መነሻ ጋር አጣምረው የድሮ ዘፈኖቻቸውን «ናትሱሜሮ» ይሏቸዋል። ይህን ስሜት ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ማተት አያስፈልግም፤ ትዝታ እኛ ዘንድ ስሜትም፣ ቅኝትም፣ የዘፈን ስምም ነውና።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጃፓንኛ ለማያውቅ፣ ነገር ግን እነዚህን ዘፈኖች በቁም ነገር ማድመጥ ለሚፈልግ ሰው ነው። ዋናው ምክሬ በትርጉም ሳይሆን በጆሮ ይጀምሩ የሚል ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ግጥም በስልክ አስተርጉሜ ካላነበብሁ አላደምጥም ብዬ ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ፤ የማገኘው የተሰባበረ ትርጉም ዜማውን ያበላሽብኝ ነበር እንጂ አልጠቀመኝም። በትዝታና በአምባሰል ያደገ ጆሮ የእነዚህን ዘፈኖች ግማሽ መንገድ አስቀድሞ ተጉዞታል፤ የቀረውን ግማሽ ካርታ፣ የዘመኑ ታሪክና ትዕግሥት ይሞሉታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ የሰዎቹንም ስም ጃፓኖች እንደሚያደርጉት የቤተሰብ ስም አስቀድሜ እጠራለሁ።

አንደኛ፦ የማን ትዝታ እንደሆነ ይለዩ

የሾዋ ዘመን የሚባለው ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ከ1926 መጨረሻ እስከ ጥር 1989 በዙፋን ላይ የቆዩበት ጊዜ ነው። ስሙ ከእኛ ሸዋ ጋር መቀራረቡ የድምፅ ግጥጥሞሽ ብቻ ነው። ይህ ከ62 ዓመት በላይ የሆነ ጊዜ ጦርነትን፣ ሽንፈትን፣ ረኃብን፣ የኢንዱስትሪ እድገትንና የብልጽግና ዓመታትን ሁሉ ያካተተ ስለሆነ፣ «የድሮ የጃፓን ዘፈን» ብሎ በአንድ ስም መጥራት አሳሳች ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጃፓን ጎልማሶች ሁሉ «ኤንካ» የሚባለውን የኀዘን ዘፈን ያደምጣሉ ብሎ በማሰብ ነው። ትዝታ ግን ዕድሜን ይከተላል። በ1940 ገደማ የተወለደ ሰው በልቡ ያለው ከጦርነቱ በኋላ ከፍርስራሽ መካከል የተዘፈነው የዘፋኟ የሚሶራ ሂባሪ ድምፅ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተወለደው ደግሞ በተማሪነቱ ጊታር ይዞ የዘፈናቸውን የ1970ዎቹን የፎክ ዘፈኖች ይናፍቃል። በ1970 ገደማ ለተወለደው፣ ማለትም በቅርብ ዓመታት በሃምሳዎቹ ዕድሜ ለሚገኘው ሰው፣ ትዝታው በ1980ዎቹ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ያያቸው ወጣት ኮከቦች ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሚያቅፈው ሰፊ ስም «ካዮኪዮኩ» ይባላል፤ ለሕዝብ የሚዘፈን ተወዳጅ ዘፈን እንደማለት ነው። አንድ ዘፈን ሲያገኙ በመጀመሪያ የወጣበትን ዓመት ይመልከቱ፤ ከዚያም በዚያ ዓመት 15 ወይም 18 ዓመት የሞላው ሰው ማን እንደነበር ያስቡ። ዘፈኑ የዚያ ሰው ነው።

ሁለተኛ፦ አንድ ዘፈን መርጠው ሦስት ጊዜ ያድምጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው በ1961 የወጣውን የሳካሞቶ ኪዩን «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ነው። ርእሱ «ቀና ብለን እንራመድ» እንደማለት ሲሆን፣ ቀና የሚባለው እንባ እንዳይፈስ ነው። ግጥሙን ኤይ ሮኩሱኬ፣ ዜማውን ናካሙራ ሃቺዳይ ደርሰውታል። በ1963 በጃፓንኛ እንዳለ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ለሦስት ሳምንታት አንደኛ ሆኗል። የውጭ አሳታሚዎች ርእሱ ለምዕራባውያን ይከብዳል ብለው «ሱኪያኪ» የሚል የበሬ ሥጋ ወጥ ስም ሰጡት፤ ስሙ ከዘፈኑ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቀው በዚሁ ስለሆነ ሲፈልጉት ይጠቅማል።

በመጀመሪያው ማድመጥ ቃላቱን ይርሱና ዜማውን ብቻ በአፍዎ ያንጎራጉሩ። በሁለተኛው ድምፃዊው ላይ ያተኩሩ፤ ሳካሞቶ አንዱን አናባቢ በትንፋሽ ሰብሮ ሁለትና ሦስት ያደርገዋል፤ «ኡኤ» የሚለው አጭር ቃል በእርሱ አፍ ውስጥ እንደ ሳግ ይቆራረጣል። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ከመካከል የሚመጣውን ፉጨት ይጠብቁ። ሰውየው ቃል ሲያልቅበት ያፏጫል፤ በምሽት ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሳካሞቶ በነሐሴ 1985 በደረሰው የጃፓን አየር መንገድ በረራ 123 አደጋ በ43 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል። ይህን ያወቀ የዕድሜ እኩያው ዘፈኑን ሲሰማ የሚያለቅሰው ለራሱ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፦ ቅኝቱን በመሣሪያ ይፈትሹ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፤ ለእኛ አድማጮች ከሌላው ዓለም ይልቅ በሩ ወለል ብሎ የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው። ክራር፣ ፒያኖ፣ ወይም በስልክ ላይ ያለ የፒያኖ መተግበሪያ ይበቃል። በፒያኖ ከሆነ ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ይጠቀሙ።

ጃፓኖች በሜይጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912) የምዕራባውያንን ሰባት ድምፅ ሲማሩ በራሳቸው ቁጥር ሂ፣ ፉ፣ ሚ፣ ዮ፣ ኢ፣ ሙ፣ ና ብለው ይጠሩት ነበር። ለጆሯቸው የሚስማማውን ዜማ ሲሠሩ ግን አራተኛውንና ሰባተኛውን፣ «ዮ»ን እና «ና»ን፣ አውጥተው አምስቱን አስቀሩ። ስለዚህ ቅኝቱ «ዮናኑኪ» ተባለ፤ አራትና ሰባት የወጡበት ማለት ነው። አሁን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለው ይጫወቱ። ይህ ዮናኑኪ ሜጀር ነው፤ እኛ ደግሞ ትዝታ ሜጀር እንለዋለን። ቀደም ሲል ያደመጡት የሳካሞቶ ዘፈን መነሻ መስመር የሚራመደው በእነዚህ አምስት ድምፆች ላይ ነው።

ቀጥለው ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብለው ይጫወቱና ወደ ላ ተመልሰው ያሳርፉት። ዮናኑኪ ማይነር የሚባለው ይኸው ነው፤ በክራር ላይ የቃኙት ሰው ትዝታ ማይነር እንደሆነ ወዲያውኑ ያውቀዋል። በዚህ ቅኝት ስሙ የገነነው የዜማ ደራሲ ኮጋ ማሳኦ ነው፤ በ1931 በፉጂያማ ኢቺሮ ድምፅ ያወጣውና ርእሱ «አረቄ እንባ ነው ወይስ የልብ ትንፋሽ» የሚል ጥያቄ የሆነው ዘፈን ከዚያ በኋላ ለመጣው የኀዘን ዜማ ሁሉ መንገድ ጠርጓል። ጃፓኖች የእርሱን ስልት ለይተው «የኮጋ ሜሎዲ» ይሉታል።

አሁን እጅዎን ከዚያው ሳያነሡ አንድ ነገር ይሞክሩ። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳይለውጡ ማረፊያዎን ከላ ወደ ሚ ያዛውሩ፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናል። ይህ አምባሰል ነው። ለጃፓኖች ደግሞ ኮቶና ሻሚሴን የተባሉት ባህላዊ የክር መሣሪያዎች የቆየ ዜማ የሚቃኝበት፣ «ሳኩራ ሳኩራ» የሚባለውና ብዙ ሰው የሚያውቀው የቼሪ አበባ መዝሙር የተሠራበት ቅኝት ነው። ጣቶቼ በክራሩ ላይ አንዲት ክር እንኳ ሳያጠብቁ ወይም ሳያላሉ፣ ማረፊያውን በመለወጥ ብቻ ከከተማ ኀዘን ወደ ጥንታዊ የአበባ ዜማ መሻገሬን ባየሁ ቀን መሣሪያውን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

አንድ ተጨማሪ ሙከራ አለ። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብለው ይጫወቱ። እኛ ባቲ ሜጀር የምንለው ይህ ቅኝት በደቡብ በምትገኘው በኦኪናዋ የደሴቶቹ ዋና ቅኝት ነው። ዛ ቡም የተባለው ባንድ በ1992 ያወጣውን «ሺማ ኡታ» የተባለ ዘፈን ያድምጡ፤ ርእሱ «የደሴት ዜማ» ማለት ሲሆን፣ የ1945ቱን የኦኪናዋ ጦርነት ሙታን በማሰብ የተጻፈ ነው። ከሾዋ ዘመን ጥቂት ዘግይቶ ቢመጣም በዛሬዎቹ ጎልማሶች ዘንድ ያለው ቦታ ትልቅ ነው። ባቲን የሚያውቅ ሰው ሲሰማው የሚያውቀውን ዘመድ በማያውቀው አገር ያገኘ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቅኝቱ መመሳሰል አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይደለም። ደግሞም ሁሉም የድሮ የጃፓን ዘፈን በአምስት ድምፅ የተሠራ አይደለም፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ ሰባቱንም ድምፆችና የአሜሪካን ኮርዶች ይጠቀማሉ። ስለዚህ አንድ ዘፈን እንግዳ ሆኖ ከተሰማዎት በመሣሪያ ፈልገው አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ገብተው እንደሆነ ይመልከቱ።

አራተኛ፦ የድምፅ አዟዟሩን ይከታተሉ

በኤንካ ውስጥ ድምፃዊው በአንድ ፊደል ላይ ቆሞ ድምፁን እያዞረ የሚያወርድበት ስልት «ኮቡሺ» ይባላል። ለእኛ ቅላጼ እንደምንለው ያለ ነው፤ ኖታ ላይ አይጻፍም፤ ዘፋኙን ከዘፋኝ የሚለየው ግን እርሱ ነው። ለመማር የሚሶራ ሂባሪን የ1966 ዘፈን «ካናሺ ሳኬ» ይምረጡ፤ «የኀዘን መጠጥ» ማለት ነው፤ ዜማው የኮጋ ማሳኦ ነው። ሂባሪ ይህን ዘፈን በመድረክ ስትዘፍን እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በ1989 መጀመሪያ የወጣውን የመጨረሻ ዘመኗን «ካዋ ኖ ናጋሬ ኖ ዮ ኒ»፣ «እንደ ወንዝ ፍሰት» የተባለውን፣ አስከትለው ያድምጡ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በ52 ዓመቷ ያረፈች ሴት ሕይወትን እንደ ወንዝ አድርጋ ስትዘፍን ከቀድሞው የኮቡሺ ጌጥ ብዙውን ትታዋለች።

አምስተኛ፦ ካርታ ይዘርጉ

የጃፓን የኀዘን ዘፈን ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። ምክንያቱ የኑሮ ታሪክ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል ከሰሜን ምሥራቅ ገጠሮች ትምህርታቸውን በ15 ዓመታቸው የጨረሱ ልጆች በልዩ ባቡሮች ተጭነው በቶኪዮ ፋብሪካዎችና ሱቆች ሊሠሩ ይመጡ ነበር። የሚወርዱት ኡኤኖ በሚባለው ጣቢያ ነው። ስለዚህ ኡኤኖ በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ የባቡር ጣቢያ ብቻ ሳትሆን፣ ከአገር ቤት የሚለዩበትና በዚያውም የአገር ቤት ዘዬ የሚሰማባት ቦታ ናት።

በካርታው ላይ ኡኤኖን፣ ከዚያ በዋናው ደሴት ጫፍ ያለችውን አኦሞሪን፣ ከባሕሩ ማዶ በሆካይዶ ደሴት ያለችውን ሃኮዳቴን ያግኙ። በመካከል ያለው ውኃ የትሱጋሩ ወሽመጥ ነው። አሁን በ1977 መጀመሪያ የወጣውን የኢሺካዋ ሳዩሪን «ትሱጋሩ ካይኪዮ ፉዩጌሺኪ» ያድምጡ፤ «የትሱጋሩ ወሽመጥ የክረምት ገጽታ» ማለት ነው። ግጥሙ የአኩ ዩ፣ ዜማው የሚኪ ታካሺ ነው፤ ዘፋኟ ያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር።

ታሪኩ በእነዚያ ሦስት ነጥቦች መካከል ያልቃል። አንዲት ሴት ከኡኤኖ በተነሣው የሌሊት ባቡር አኦሞሪ ስትደርስ ጣቢያው በበረዶ ተሸፍኗል። ወደ ሰሜን የሚመለሱት ሰዎች ሁሉ ዝም ብለዋል፤ የሚሰማው የባሕሩ ድምፅ ብቻ ነው። ብቻዋን መርከቡ ላይ ትሳፈራለች። በትንፋሽ የደበዘዘውን የመስኮት መስታወት እያበሰች አንድ ሰው የጠቆማትን፣ በዋናው ደሴት ሰሜን ዳርቻ ያለውን የታፒ ጫፍ ለማየት ትሞክራለች። ከማን እንደተለየች በስም አይነገረንም፤ «ደኅና ሁን፣ እኔ እመለሳለሁ» ከማለቷ ግን ፍቅረኛዋን ትታ ወደ አገርዋ እየተመለሰች መሆኑን እንረዳለን። አኩ ዩ «አዘነች» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ መስታወቱን እንድታብስ አደረጋት። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ ጥበብ አዲስ አይሆንበትም።

ይህ መርከብ ዛሬ የለም። ከ1908 ጀምሮ አኦሞሪንና ሃኮዳቴን ያገናኝ የነበረው የባቡር ድርጅቱ መርከብ መደበኛ አገልግሎቱን ያቆመው በመጋቢት 1988 ከባሕሩ በታች የተቆፈረው የሴይካን ዋሻ ሲከፈት ነው። አራት ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረው ጉዞ ስለቀረ፣ ሰው በመርከቡ ላይ ቆሞ ወደኋላ የሚያይበት ጊዜም አብሮ ቀርቷል። በታፒ ጫፍ ላይ የዘፈኑ ግጥም የተቀረጸበት የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል፤ ቁልፉን የተጫነ ሰው በነፋሱ መካከል ዘፈኑን ይሰማል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደውን የሴን ማሳኦን «ኪታጉኒ ኖ ሃሩ» ማድመጥ ይጠቅማል፤ እርሱም በ1977 የወጣ ሲሆን «የሰሜን አገር ጸደይ» ማለት ነው። በከተማ የሚኖር ወንድ ልጅ ከእናቱ ትንሽ ጥቅል ይደርሰዋል፤ ከተማ ውስጥ ወቅቱ መለወጡ ስለማይታወቅ ጸደይ መግባቱን አላወቀም፤ ወደዚያች መንደር ልመለስ ይሆን እያለ ያስባል። ዘፈኑ ወደ ቻይናና ወደ ታይላንድ ተሻግሮ በየቋንቋው ተዘፍኗል። ባዕድ አገር ሆኖ በርበሬና ሽሮ ከእናቱ የተላከለት ሰው ለምን እንደተሻገረ አይጠይቅም።

ስድስተኛ፦ ከዘፋኙ ይልቅ የጸሐፊውን ስም ይከተሉ

በካዮኪዮኩ ሥራው የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ ግጥም ይጽፋል፣ ሌላው ዜማ ይደርሳል፣ ሦስተኛው ያቀናብራል፣ ዘፋኙ የሚመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ዘፈን ገጽ ላይ ሦስቱም ስሞች ይጻፋሉ። አንድ ዘፈን ከወደዱ የገጣሚውን ስም ይያዙና ሌላ ምን እንደጻፈ ይፈልጉ፤ ዘፋኙን ብቻ ከሚከተል ሰው ይልቅ ብዙ ያገኛሉ።

ለምሳሌ ማትሱሞቶ ታካሺን ይውሰዱ። በወጣትነቱ ሃፒ ኤንድ በተባለው የሮክ ባንድ ከበሮ መቺ ነበር፤ በኋላ ግን በገጣሚነት ይበልጥ ታወቀ። በ1975 መጨረሻ ኦታ ሂሮሚ የዘፈነችውን «ሞሜን ኖ ሃንካቺፉ»፣ «የጥጥ መሐረብ» የተባለውን፣ የጻፈው እርሱ ነው፤ ዜማው የትሱትሱሚ ኪዮሄይ ነው። ዘፈኑ አራት አንቀጽ ያለው የደብዳቤ ልውውጥ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ አንቀጽ መጀመሪያ ወደ ከተማ የሄደው ወንድ፣ ቀጥላ በገጠር የቀረችው ሴት ይናገራሉ፤ አንዲት ሴት ሁለቱንም ትዘፍናለች። እርሱ ከከተማ ስጦታ እልክልሻለሁ ይላል፤ እርሷ ምንም አልፈልግም፣ በከተማው ቀለም ሳትነከር ብቻ ተመለስ ትላለች። እርሱ በከተማ የሚዘወተር ቀለበት ይልካል፤ ቀጥሎ ሱፍ የለበሰበትን ፎቶ ይልካል። በመጨረሻ መመለስ እንደማይችል ይጽፍላታል። እርሷም በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጦታ ትጠይቃለች፤ እንባዬን የምጠርግበት የጥጥ መሐረብ ላክልኝ ትለዋለች።

ሲያደምጡ ልብ ሊሉት የሚገባው ዜማው ፈጣንና ብሩህ መሆኑ ነው። ግጥሙን ያላወቀ ሰው ደስ የሚል የጸደይ ዘፈን ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህኛው ዘፈን ብቻ ከጆሮ ቀጥሎ ትርጉሙን ወዲያው እንዲፈልጉ እመክራለሁ፤ ኀዘኑ ያለው በዜማውና በታሪኩ መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ነውና። ከዚህ ቀጥሎ በ1973 የወጣውን የካጉያሂሜን «ካንዳጋዋ» ቢያደምጡ ተመሳሳይ ትውልድ በጊታር ያወራዋል። አምስት ካሬ ሜትር በማትሞላ ባለ ሦስት ታታሚ (የወለል ምንጣፍ) ክፍል የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት ይሄዳሉ፤ ሴቲቱ ሁልጊዜ በውጭ ትጠብቀዋለች፤ ፀጉሯ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆማ ትንሿ ሳሙናዋ ትንኳኳለች። ያን ሳሙና የሰማ ሰው ድህነታቸውን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሰባተኛ፦ ወደ 1980ዎቹ ይሻገሩ

የዛሬዎቹ ጎልማሶች ትዝታ በአብዛኛው እዚህ ነው። ለመሻገሪያነት ያማጉቺ ሞሞኤን ይምረጡ። በ1973 በ14 ዓመቷ ዘፋኝ ሆና፣ በጥቅምት 1980 በ21 ዓመቷ ለማግባት ስትል በቶኪዮው ቡዶካን አዳራሽ ተሰናበተች። የመጨረሻውን ዘፈን ከጨረሰች በኋላ ነጭ ማይክሮፎኗን በመድረኩ ወለል ላይ በዝግታ አስቀምጣ ወደኋላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መድረክ አልተመለሰችም። የ1978 ዘፈኗን «ኢ ሂ ታቢዳቺ» ሲያደምጡ ይህን ምስል በአእምሮዎ ይያዙ። ከእርሷ ቀጥሎ ማትሱዳ ሴይኮና ናካሞሪ አኪና ይመጣሉ፤ አንደኛዋ ብሩህ፣ ሁለተኛዋ ጥላ የተጫነባት ድምፅ አላቸው፤ የዘመኑ ልጆች በሁለቱ ተከፍለው ይከራከሩ ነበር።

ሲቲ ፖፕ የሚባለውን ዘርፍ በአጭሩ ልለፈው። የማትሱባራ ሚኪ የ1979 «ማዮናካ ኖ ዶአ» እና የታኬኡቺ ማሪያ የ1984 «ፕላስቲክ ላቭ» በኢንተርኔት አማካይነት በሌሎች አገሮች ወጣቶች ዘንድ ገንነዋል፤ ለስላሳ ስለሆኑም በቀላሉ ይደመጣሉ። ነገር ግን በእነርሱ የጀመረ ሰው በዚያው የመቅረት አደጋ አለበት። በእኔ አስተያየት መጨረሻ ላይ ቢደመጡ ይሻላል።

ስምንተኛ፦ በፊደል ጽፈው ይዝፈኑ

ለጃፓንኛ ዘፈን የእኛ ፊደል ከላቲን ፊደል ይልቅ ይመቻል። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ በቀለም በቀለም የሚጻፍ ሲሆን አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የእኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኀምስና ሳብዕ ናቸው። «ኪታጉኒ ኖ ሃሩ» የሚለውን ርእስ ይመልከቱ፦ ኪ፣ ታ፣ ጉ፣ ኒ፣ ኖ፣ ሃ፣ ሩ። ሰባት ፊደል፣ ሰባት ድምፅ፣ ሁሉም በርዝመት እኩል። ሳድስ የሚያስፈልገው በዋነኛነት ለ«ን» እና ለ«ትሱ» ነው፤ «ትሱ»ን አንድ ድምፅ አድርገው በፍጥነት ያንብቡት። «ጉ» የመሰለው ድምፅ በቃል መካከል ሲመጣ የቀድሞዎቹ ዘፋኞች በአፍንጫቸው ያለሰልሱታል። አናባቢው ሲረዝም ከፊደሉ ቀጥሎ ሰረዝ ያድርጉ፤ በሚጠብቀው ፊደል ላይም ነጥብ ያኑሩ፤ የእኛ ጽሕፈት እነዚህን ሁለቱን አያሳይምና።

በዚህ መልክ ሲጽፉ የግጥሙን ምጣኔ መቁጠር ይቻላል። «ትሱጋሩ ካይኪዮ» ረጅሙን አናባቢ ሁለት አድርገን ብንቆጥር ሰባት ቀለም ነው፤ «ፉዩጌሺኪ» አምስት። ሰባትና አምስት የጃፓን ግጥም የጥንት እርምጃ ነው። በእኛ የወል ቤት አንዱ ስንኝ በስድስትና በስድስት ተከፍሎ አሥራ ሁለት ይሞላል፤ በእነርሱም አሥራ ሁለት ነው፤ የሚለያየው ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ነው። ሲዘፍኑ ከሰባተኛው በኋላ ይተንፍሱ እንጂ በስድስተኛው ላይ አይቁረጡ፤ የእኛ ልማድ ወደዚያ ስለሚስብ ይጠንቀቁ።

ካራኦኬ ካለ በዝግታው ዘፈን ይጀምሩ። ካራኦኬን በ1971 በኮቤ ከተማ እንደጀመረ ብዙ ጊዜ የሚነገርለት ኢኖዌ ዳይሱኬ ሲሆን፣ መሣሪያውን የሠራው ራሱ መጥቶ ሊያጅባቸው ላልቻለ መጠጥ ቤት ደንበኞች ነበር፤ ስለዚህ ለመካከለኛ ድምፅና ለጀማሪ የተመቸ ነገር ነው። ድምፅዎ ካልደረሰ ቁልፉን ዝቅ ማድረግ የሚያሳፍር አይደለም።

ዘጠነኛ፦ ትክክለኛውን ቅጂ ያግኙ

እነዚህን ዘፈኖች በላቲን ፊደል ቢፈልጉ የሚመጡት በብዛት የሌሎች ሰዎች ድጋሚ ቅጂዎች ናቸው። በመጀመሪያ ርእሱን በላቲን ፊደል ጽፈው ይፈልጉ፤ ከሚወጣው ውጤት የጃፓንኛውን ጽሕፈት ገልብጠው እንደገና በእርሱ ይፈልጉ፤ ከዘፋኙ ስም ጋር ሲያደርጉት የመጀመሪያው ቅጂ ይመጣል። ዓመቱን ያረጋግጡ። የኤንካ ዘፋኞች አንዱን ዘፈን በየአሥር ዓመቱ እንደገና ስለሚቀርጹት፣ በስድሳ ዓመቷ የዘፈነችውን በአሥራ ስምንት ዓመቷ ዘፈነች ብሎ ማድመጥ ያጋጥማል። ሁለቱም ቅጂዎች ዋጋ አላቸው፤ መጀመሪያ ግን ሕዝቡ በልቡ የያዘውን ያድምጡ።

በዓመቱ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ገደማ፣ የጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ ድርጅት የሆነው ኤን ኤች ኬ «ኮሃኩ ኡታ ጋሴን» የተባለውን ዝግጅት ያስተላልፋል። ሴቶች በቀይ፣ ወንዶች በነጭ ቡድን ሆነው የሚዘፍኑበት ይህ ዝግጅት በ1951 በሬዲዮ የተጀመረ ሲሆን፣ አያት፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚያዩት ነው። ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ በቅርብ ዓመታት በነበረው ሰዓት መሠረት በአዲስ አበባ የሚጀምረው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ላይ ነው፤ ከአገራቸው ውጭ ላሉት በክፍያ በሚታየው የኤን ኤች ኬ ጣቢያ ይተላለፋል። ኢሺካዋ ሳዩሪ በዚህ መድረክ ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የትሱጋሩን ዘፈንና የ1986ቱን «አማጊ ጎኤ» አንዱን ዓመት ይህን፣ አንዱን ዓመት ያን እያለች ተፈራርቃ ዘፍናለች። የእነዚያን ዓመታት ቅጂዎች በተከታታይ አግኝተው ያነጻጽሩ፤ በፊደል የጻፉትን ግጥም ከፊትዎ ያኑሩና ድምፅዋ ዓመት በዓመት በየትኛው ፊደል ላይ ረዘም ብሎ እንደሚቆይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ።